ለገና ማዕድ ርካሽ ሻምፓኝ፦ አንድ ጥያቄና 41 መልሶች

ይህን ክር፣ በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ያለውን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈትኩት በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ከሌሊት ሥራ በገባሁበት ጠዋት ነው። የዘንድሮው የገና ማዕድ ተራ የእኔ ቤት ነበር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ልጆችን ሳልቆጥር 24 ሰው ይመጣል። ባለፈው ዓመት በወንድሜ ቤት ያየሁት ደግሞ ከልቤ አልወጣም። ለበዓሉ ክብር ብዬ ስድስት ጠርሙስ ሻምፓኝ ገዝቼ ሄድኩ። ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ብርጭቆው ሁሉ እንደ ሞላ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቴ ደግሞ መጠጡ ወደ ኮምጣጤ ተለውጦ እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቁኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬን እንዲህ አቀረብኩ። በጠቅላላው 120 ዶላር አለኝ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ለ24 ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ስምንት ጠርሙስ ይጠይቃል፤ አንዱ ከ15 ዶላር ማለፍ የለበትም። በዚህ ዋጋ ከዶሮ ወጥ፣ ከክትፎና ከድፎ ዳቦ ጋር የሚስማማው የትኛው ነው? እግረ መንገዴንም ሻምፓኝ የሚባለው ነገር ስኳሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ እንደሚጨምር፣ ኤክስትራ ድራይ የሚል የተጻፈበትም ከሁሉ ያነሰ ስኳር ያለው እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፍኩ። ሁለቱም ስህተት ነበር። አሁን ክሩ 41 መልስ ስለደረሰና አዲስ ገቢዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለከበዳቸው፣ የሰዎቹን ቃል ሳልደግም የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ።

መልስ ቁጥር 1 ሰላምታና መልካም ምኞት ነበር። ቁጥር 2 ወደ ቁም ነገሩ የገባው በስሙ በኩል ነው። ጸሐፊው በጨዋ አነጋገር ያስረዱት፣ ሻምፓኝ የፈረንሳይ አውራጃ ስም መሆኑን፣ በዚያው አውራጃ፣ እንደ ሬምስና ኤፐርኔ ባሉ ከተሞች ዙሪያ ከሚበቅል ወይን ተሠርቶ፣ በዚያው በሚሸጥበት ጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ ፈልቶ፣ ቢያንስ 15 ወር የቆየ ብቻ በዚህ ስም እንደሚጠራ ነው። ቀሪው ሁሉ አረፋማ ወይን ነው። በ15 ዶላር እውነተኛ ሻምፓኝ አገኛለሁ የሚል ሰው ገና ከበሩ እንደተሳሳተም አከሉ።

ቁጥር 3 በዚህ ተቆጣ። እኛ አገር የልብስ ዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ፣ የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት ሲባል እንደኖረ፣ በሠርግ ላይ ቡሹ የሚፈነዳውም ሁሉ ሻምፓኝ መሆኑን፣ ይህን ለማረም መነሣትም ሰውን ማሸማቀቅ እንደሆነ ጻፈ። እኔ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ቤት ውስጥ ሻምፓኝ ብንለው ማንም አይጎዳም፤ መደብር ስንገባ ግን ስሙን መለየት ገንዘብ ያተርፋል። ቁጥር 2ን የጻፉት ሰው ያሸማቀቁኝ አልመሰለኝም።

መልስ ቁጥር 4 የክሩ ምሰሶ ነው። ጸሐፊው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በመጠጥ መደብር ለብዙ ዓመታት የሠራ ወንድማችን ነው። ኤክስትራ ድራይን በሚመለከት ያልኩት ነገር የተገላቢጦሽ መሆኑን አሳየኝ። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት ቃላት በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ይናገራሉ። ብሩት ናቱር ከ3 ግራም በታች ነው። ኤክስትራ ብሩት እስከ 6፣ ብሩት እስከ 12 ይደርሳል። ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17፣ ድራይ ወይም ሴክ ከ17 እስከ 32፣ ደሚ ሴክ ደግሞ ከ32 እስከ 50 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ኤክስትራ ድራይ ከብሩት ይጣፍጣል። ደሚ ሴክ ሲባል የሚደነግጥ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅም፣ አንድ ሊትር ኮካ ኮላ ከ100 ግራም በላይ ስኳር እንዳለው አስታወሰን።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ባለፈው ዓመት ያነሣሁትን የጠረጴዛ ፎቶግራፍ ፈልጌ አጎላሁት። በጠርሙሶቹ አንገት ሥር የተጻፈው ብሩት ናቱር ነበር። ለዚያ ሁሉ በርበሬ፣ ስኳር የሚባል ያልነካውን ወይን አቅርቤ ነበር ማለት ነው። ቁጥር 5 ላይ ይህንኑ ጽፌ የአሌክሳንድሪያውን ወንድም አመሰገንኩ።

ቁጥር 6 የስኳር ሕመም ስላለበት ሰው ጠይቆ፣ ስለ መጠጡ ሐኪሙን ያማክር የሚል አጭር ምላሽ አግኝቶ አለፈ።

ከዚያ በሚኒያፖሊስ ምግብ ቤት የምታበስል እህት በቁጥር 7 ገባች። ከእርሷ የተማርኩትን ማንም ሻጭ ነግሮኝ አያውቅም። በርበሬ የሚያቃጥለን በምላስ ጣዕም በኩል ሳይሆን ሙቀትና ሕመም በሚሰማን ነርቭ በኩል ነው። አልኮልም ይህንኑ ነርቭ ይበልጥ ያነቃዋል፤ የአረፋው ንክሻ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ አልኮሉ የበረታ፣ ኮምጣጣነቱ የሰላ፣ ስኳር የሌለው ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ሲመጣ አፍ ውስጥ እሳት በእሳት ላይ ይሆናል። መጠነኛ ጣፋጭነት ያለውና አልኮሉ የቀለለ ከሆነ ግን ቃጠሎው ይበርዳል። በተጨማሪም የዶሮ ወጥ ቁሌት ለሰዓታት በስሎ የሚጣፍጥ የሽንኩርት ክምር ነው። ወይኑ ከምግቡ ያነሰ ጣፋጭ ከሆነ ወይኑ ጎምዛዛ መስሎ ይታያል። አማቴ ኮምጣጤ የመሰላቸው ለዚህ ነው። ለዶሮ ወጥ ኤክስትራ ድራይ ወይም ደሚ ሴክ፣ ለአልጫና ለተጠበሰ ዓሣ ብሩት እንዲሆን መከረችኝ።

ቁጥር 8 ለዚህ ሁሉ ጣጣ ቢራ እንደሚሻል ጻፈና ሄደ። ቁጥር 9 ግን ቁጥር 7ን ተንተርሶ ጥሩ ነገር ጨመረ፤ እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ምግብ ፊት የሚቀርብ ወይን የራሱ ኮምጣጣነት ከሌለው ውሃ ውሃ ይላል፤ አረፋማ ወይን በአብዛኛው ይህን ስለሚያሟላ ከብዙ ቀይ ወይን ይልቅ ለእንጀራ ይቀርባል። እኔ ይህን ነጥብ እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር። ያደግነው ግን ቀይ ወይንን በአምቦ ውሃ በርዘን ስንጠጣ ነው። አረፋውን የፈለግነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከቁጥር 10 እስከ 12 ያሉት ስለ ዋጋ ነበሩ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ብተርካቸው ይሻላል። የስፔኑ ካቫ፣ በአብዛኛው ከካታሎኒያ የሚመጣው፣ የሚሠራው ልክ እንደ ሻምፓኝ ነው። ወይኑ በጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ ፈልቶ፣ ቢያንስ ዘጠኝ ወር አተላው ላይ ይተኛል። ወይኖቹ ግን ማካቤዮ፣ ሻሬሎና ፓሬያዳ የሚባሉ የአገሩ ዝርያዎች ናቸው። መሬቱም ስሙም እንደ ሻምፓኝ ስላልተወደደ ብዙውን ጊዜ በአሥርና በአሥራ ሁለት ዶላር ይገኛል። አተላ ሲባል የጠላና የጠጅ አተላ ትዝ ይበላችሁ፤ የወይኑ አተላ ግን የሞተ እርሾ ነው። ወይኑ በላዩ በቆየ ቁጥር የዳቦ፣ የሊጥ ሽታ ያወጣል። ቁጥር 11 ይህን ከድፎ ዳቦ ጋር አገናኝታ ሳነብ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረው የእናቴ ድፎ አፍንጫዬ ሥር መጣ።

የጣሊያኑ ፕሮሴኮ ሌላ መንገድ አለው። ግሌራ ከሚባል ወይን ተሠርቶ ዳግመኛ የሚፈላው በጠርሙስ ሳይሆን በትልቅ የተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ይፈጥናል፣ ዋጋው ይረክሳል፣ ሽታውም ከዳቦ ይልቅ ወደ ፖምና ወደ አበባ ያደላል። ኤክስትራ ድራይ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፕሮሴኮ ነው፤ አልኮሉም ከሻምፓኝ ጥቂት ይቀላል። ክሬማን የሚባሉት፣ ከአልዛስ፣ ከሎዋር፣ ከቡርጎኝና ከሌሎችም የፈረንሳይ አውራጃዎች የሚመጡት፣ እንደ ሻምፓኝ በጠርሙስ የፈሉ ናቸው፤ እኔ ጋ ግን ከ20 ዶላር በታች ማግኘት አስቸገረኝ።

ቁጥር 13 አሜሪካ ውስጥ ለምንኖር ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በመደርደሪያ ላይ የካሊፎርኒያ ሻምፓኝ የሚል ጠርሙስ በስድስትና በሰባት ዶላር ይገኛል። ይህ የሆነው አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲስማሙ፣ ስሙን ከዚያ በፊት ሲጠቀሙ የነበሩ አምራቾች እንዲቀጥሉ ስለተፈቀደ ነው። ስሙ ስለ አሠራሩ ምንም አይነግረንም፤ በጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ መፈለግ ነው። በተጓዳኝም ከሻምፓኝ አውራጃ የመጣ የግሩዌ ቤተሰብ በኒው ሜክሲኮ በረሃማ ከፍታ ላይ መሥራት የጀመረውን አረፋማ ወይን አነሣ። ቀን ሞቃት፣ ሌሊት ብርዳም በሆነ ከፍታ ላይ ወይን ኮምጣጣነቱን ይዞ እንደሚበስል ሲያስረዳ፣ እኛም የደጋ ልጆች ስለሆንን ነገሩ ገባን።

ቁጥር 14 ደግሞ ከውጭ ካልቀረ ለምን ከአፍሪካ አይሆንም ሲል ጠየቀ። የደቡብ አፍሪካው ካፕ ክላሲክም በጠርሙስ የፈላ ነው፤ የመጀመሪያው ለገበያ የተሠራው በስቴለንቦሽ አካባቢ ሲሆን የወይኑ አዝመራ የ1971 ነበር። ሐሳቡ ልቤን ነካው፤ በምኖርበት አካባቢ ግን ከበጀቴ በላይ ሆኖ አገኘሁት።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላማዊ ነበር። ቁጥር 15 ላይ ከዴንቨር የጻፉ አባት መጡ። ዕድሜያቸውን ስለገለጹ ጋሼ እያልኩ ልጥራቸው። ጋሼ በጣም ነበር የተቆጡት። ማርና ጌሾ ያስተማሩን አባቶች ልጆች ሆነን፣ ለገና ማዕድ የፈረንጅ አረፋ ስንመርጥ ማየት እንዳሳዘናቸው፣ ጠጅ የሌለበት ገና ገና እንዳልሆነ ጻፉ። ቁጥር 16 ወዲያውኑ በስለት መለሰላቸው፤ ጠጅ ጣሉ ያለ ማንም እንደሌለ፣ ጥያቄው ስለ ሌላ ነገር እንደሆነ፣ ሰው የጠየቀውን ትቶ መስበክ የመድረኩ በሽታ እንደሆነ። ጋሼን አንተ ብሎ ነበር የጠራቸው። ቁጥር 17 ይህን ብቻ ለማረም ገባች፤ ሐሳብን መቃወም አንድ ነገር፣ አባት የሚሆን ሰው አንተ ማለት ሌላ ነገር እንደሆነ ነግራው፣ እርሱም በቁጥር 18 ይቅርታ ጠየቀ። የይቅርታው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ ክሩን ያዳነችው ግን እርሷ ነች ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱም ጋሼ በቁጥር 19 ሲመለሱ ድምፃቸው ለዝቦ ነበር፤ ጠጁን ራሳቸው እንደሚጥሉና እንዴት እንደሚጥሉት በዝርዝር ጻፉ። አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውሃ። ጌሾው የሚጨመረው ብርዙ ከቆመና መንቆር ከጀመረ በኋላ ነው። ሳይበስል ጠርሙስ ውስጥ ከተዘጋ መፍላቱን ስለሚቀጥል ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ይህንን ሲጽፉ ሳያስቡት የሻምፓኝን ምሥጢር ነገሩን፤ ወይኑ አረፋ የሚይዘው ተዘግቶ ሲፈላ ነውና። በሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ ስድስት አትሞስፌር ይደርሳል፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ከእጥፍ በላይ ነው። ጠርሙሱ የሚወፍረው፣ ቡሹም በሽቦ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ጋሼ ያሉት አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ለስለስ ያለ ጠጅ ለዶሮ ወጥ ከማንኛውም አረፋማ ወይን አያንስም። ማሩን በዚህ አገር ዋጋ ገዝቼ ለ24 ሰው መጣል ግን ከ120 ዶላር በላይ ያስወጣኛል።

ቁጥር 20 ሌላ ቁጣ ነበር። በጾመ ነቢያት መካከል ስለ መጠጥ ይህን ያህል ማውራት ተገቢ አይደለም የሚል። ቁጣውን አከብራለሁ፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ለ24 ሰው የሚያዘጋጅ ሰው በዋዜማው ተነሥቶ አይገዛም። ከዚህ ቁጣ ግን ቁም ነገር ተወለደ። ቁጥር 21 ወይን በራሱ ከፍሬ ቢሆንም ብዙ አምራቾች ለማጥራት የእንቁላል ነጭ፣ ከወተት የሚወጣ ንጥረ ነገር ወይም ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚዘጋጅ ነገር እንደሚጠቀሙ ገለጠ። ማጥሪያው ከደለሉ ጋር ይወገዳል፤ ሆኖም የሚጨነቅ ሰው ከእንስሳ ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ጠርሙስ ሊመርጥ ይችላል። ወይኑ በጾም ይቀመስ አይቀመስ ለሚለው፣ ቁጥር 22 ይህን የንስሐ አባት እንጂ መድረክ እንደማይመልሰው ጽፎ ዘጋው። እኔም ሳልቀምስ ነው የገዛሁት።

ስለ ቁጥር 23 ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የጻፈችው ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። አልኮል በአገሩ ክልክል መሆኑን ገልጻ፣ እርሷና ሦስት ጓደኞቿ የገናን ዕለት ፈቃድ ስለማያገኙ በዓሉን ቀጥሎ በሚመጣው ዓርብ በአንዷ ክፍል ተሰብስበው እንደሚያከብሩ ጻፈች። አረፋማ የወይን ጭማቂ ይገዛሉ፤ በሻይ ብርጭቆ ይቀዱታል። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭማቂው ከዶሮ ወጡ ጋር እጅግ ይጣፍጥባቸዋልና ምን ቢያደርጉ ይሻላል? እኛ በ11ና በ14 ዶላር መካከል ስንጨቃጨቅ እርሷ ይህን ጠየቀች። ያላዘነ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

መልሱም ፈጥኖ መጣ። ቁጥር 24 ጭማቂውን እኩል በእኩል ጋዝ ካለው ውሃ ጋር ቀላቅለው ሎሚ እንዲጨምቁበት ነገራት። ቁጥር 25 ደግሞ ብርዝን አነሣች፦ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይሟሟና በቀዝቃዛ ጋዝ ያለው ውሃ ይሞላል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች፣ መኪና የሚነዱና አልኮል የማይጠጡ እንግዶችም ከዚህ እኩል ይቀዱ። የኩዌቷ እህት በቁጥር 26 ምስጋናዋን ልካ፣ ሎሚ እንደምትገዛ ጻፈች።

ከዚያ ስለ አከፋፈቱ የተጻፈው ቁጥር 27 ነበር። ጸሐፊው ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አስተናጋጅነት ብዙ ዘመን የቆዩ፣ አሁን ሲያትል የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጠርሙሱ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ የሞቀ ጠርሙስ ይገነፍላል። ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በረዶ ብቻ ከሆነ ግን ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካው ይዘገያል። ብልጭልጩን ወረቀት ላጡ። የሽቦውን ጆሮ ስድስት ጊዜ አዙሩ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሣ። ጠርሙሱን ወደ ጎን አጋድሉ፣ በፎጣ ያዙ፣ ቡሹን አጥብቃችሁ ጠርሙሱን አሽከርክሩ። የሚሰማው ድምፅ እንደ ትንፋሽ ቀስ ያለ ይሁን።

ቁጥር 28 በሠርግ ላይ የማይፈነዳ ሻምፓኝ ምን ደስታ አለው ሲል ተከራከረ። ቁጥር 29 ግን የአጎቷ ልጅ በምረቃ በዓል ላይ ዓይኑን በቡሽ ተመትቶ ሁለት ወር መታከሙን ነገረችን። ከዚያ በኋላ ለፍንዳታው የተከራከረ አልነበረም። ቁጥር 30 በችኮላ ፍሪዘር ውስጥ የረሳው ጠርሙስ ሌሊት ፈንድቶ ሥጋው ሁሉ ጠርሙስ በጠርሙስ መሆኑን ጻፈ።

ስለ ብርጭቆ የተባለው ያወዛግባል። ቁጥር 31 ረጅሙን ቀጭን ብርጭቆ መረጠ፤ ቁጥር 32 ሽታው እንዲሰበሰብ መካከለኛ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይሻላል አለች፤ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። ቁጥር 33 በብርሌ ሞክሮት አፉ የጠበበ በመሆኑ አረፋው አፍንጫው ውስጥ እንደገባ ገለጸ። ሁሉም የተስማሙበት፣ የሳሙና ቅሪት አረፋውን ስለሚገድል ብርጭቆው በሙቅ ውሃ በደንብ መለቅለቅ እንዳለበት ነው።

ቁጥር 34 ከእስራኤል፣ ከነታንያ ተጻፈ። ወንድማችን ገናን አያከብርም፤ ነገር ግን በሐኑካ በዘይት የተጠበሰ ሱፍጋኒያ ስለሚበሉ የኮሸር ምልክት ያለው ካቫ ገዝቶ ዘይቱን እንዴት እንደሚያጥብለት ተናገረ። ከዚህ ተነሥታ ቁጥር 35 ሳምቡሳንና ክትፎን አነሣች። ቅቤና ዘይት አፍ ላይ የሚለጥፉትን ቅባት የብሩት ኮምጣጣነትና አረፋ ጠርጎ ይወስደዋል። ከቡና ጋር የምንበትነው ጨው ያለበት ፈንዲሻም ከብሩት ጋር ሰምሮ ይሄዳል፤ ይህን ቤቴ ሞክሬ አረጋግጫለሁ።

በመጨረሻ ከሁሉ ይበልጥ ገንዘቤን ያተረፈልኝ ቁጥር 36 ነው። የአሌክሳንድሪያው ወንድም ተመልሶ መጣ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጃንዋሪ 1 ሲያልፍ፣ ብዙ መደብሮች የተረፋቸውን አረፋማ ወይን ዋጋ ይቀንሳሉ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። በመካከል ያሉት አምስት ቀናት የእኛ ገበያ ናቸው። ስንት ዓመት እዚህ አገር ስኖር ይህን አላስተዋልኩትም ነበር!

ጃንዋሪ 3 ሄጄ ገዛሁና ዝርዝሩን በቁጥር 37 አሰፈርኩ፦ ሦስት ብሩት ካቫ በ11 ዶላር፣ ሦስት ኤክስትራ ድራይ ፕሮሴኮ በ14፣ ሁለት ደሚ ሴክ በ16፣ አንድ ሞስካቶ ዳስቲ በ13። ድምሩ 120 ዶላር ነው። ከሰሜን ጣሊያን የሚመጣው ሞስካቶ ዳስቲ አልኮሉ ከአምስትና ከስድስት በመቶ ስለማይዘልና ጣፋጭ ስለሆነ ለሕምበሻው አሰብኩት። ቁጥር 38 የሽያጭ ግብሩን አለመደመሬን ጠቆመኝ፤ ትክክል ነው፣ ከበጀቴ አልፌያለሁ። ቁጥር 39 ሁለት ደሚ ሴክ ለ24 ሰው እንደማይበቃ አስጠነቀቀች።

በበዓሉ ማግስት፣ በቁጥር 40፣ በማዕዱ ላይ የሆነውን ጻፍኩ። ቁጥር 39 ትክክል ነበረች፤ ዶሮ ወጡ እንደቀረበ ደሚ ሴኩ በአንድ ዙር አለቀ። ፕሮሴኮው ተከተለው፤ ከክትፎው ጋር ግን ካቫው በለጠ። አማቴ መጀመሪያ ብርጭቆ አልቀበልም ብለው ነበር። ድፎው ሲቆረስ ግን ካቫውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለሊጥ ያስቀመጡት እርሾ እንደሚሸታቸው ተናገሩ። ስለ አተላው፣ ስለ ዘጠኙ ወርም አስረዳኋቸው። ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቀድመውኝ ደረሱ። ከድፎው ቆርሰው ጠጡ፤ ደግሜ ስቀዳም አልከለከሉኝም። አንድ ካቫ ሳይከፈት ተርፏል።

ቁጥር 41 ትናንት ማታ ገባ። የዴንቨሩ ጋሼ ናቸው። ለፋሲካ ከሚጥሉት ጠጅ አንድ ጠርሙስ እንደሚልኩልኝ ጽፈው፣ የተረፈውን ካቫ እስከዚያ ድረስ ከማብሰያ ምድጃው ርቆ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ እንዳስቀምጠው፣ ሁለቱን በአንድ ዶሮ ወጥ ላይ አቅርቤም ውጤቱን እዚሁ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ካቫው ምድር ቤት ገብቷል።